መልስ፦ ሄሊዮስ 44-2 ሶኒ ላይ ሩቁን ለምን አያጠራም?

ወንድሜ፣ ሄሊዮስ 44-2ን (የድሮውን የሶቪየት 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ) በአዳፕተር፣ ማለትም በማገናኛ ቀለበት፣ ሶኒ ኢ-ማውንት ካሜራ ላይ ስትገጥመው ቅርቡ ይጠራል፣ ሩቁ ግን ይደበዝዛል ብለሃል። ሌንሱን ከመጠርጠርህ በፊት አዳፕተሩን ለካው። የኤም42 ሌንስ (እንደ ሄሊዮስህ በጥርስ የሚጠመዘዝ) ከመቀመጫው እስከ ሴንሰሩ፣ ምስሉ እስከሚያርፍበት ድረስ፣ 45.46 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፤ የሶኒው 18 ስለሆነ የአዳፕተሩ ውፍረት 27.46 መሆን አለበት። ከዚህ ጥቂት እንኳ ከወፈረ ሌንሱ ወደ ሴንሰሩ በበቂ አይጠጋም፣ ሩቁም መቼም አይጠራም። በጥቂቱ ቢቀጥን ግን ብዙ አይጎዳም፤ ቀለበቱ ላይ የተጻፈው የርቀት ቁጥር ብቻ ይዛባል። ልኩ ትክክል ሆኖ ችግሩ ካልጠፋ፣ ሌንሱ ተፈቶ ሲገጠም የፎከስ ቀለበቱ ጥርስ ያለቦታው ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ለባለሙያ ስጠው።

ለቪዲዮ ይህ ሌንስ አንድ ትልቅ ጸጋ አለው። ሁለት የአፐርቸር (የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ) ቀለበት አለው፦ አንዱ ቀጭ ቀጭ እያለ ገደቡን ይይዛል፣ ሌላው ያለ ድምፅ ይንሸራተታል። ስለዚህ እየቀረጽክ ብርሃኑን በዝግታ መክፈትና መዝጋት ትችላለህ። ኤፍ/2 ላይ፣ ቀዳዳው እስከ መጨረሻ ሲከፈት፣ ምስሉ ለስለስ ይላል፤ ፊት ስትቀርጽ 2.8 ወይም 4 ይሻልሃል። ፀሐይ ላይ ሻተሩን ከ1/50 አታፍጥነው (በሰከንድ 25 ፍሬም ስትቀርጽ)፣ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። ይልቅ 49 ሚሊ ሜትር ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ግጠም።

ካሜራው ውስጥ ማረጋጊያ ካለ የትኩረት ርዝመቱን በእጅህ 58 ብለህ ሙላ። ሌንሱ ከካሜራው ጋር ስለማይነጋገር የተሳሳተ ቁጥር ከተቀመጠ ምስሉ ይዋዥቃል። ፎከስ ስታደርግም ካሜራው የጠራውን ጠርዝ በሚያሳይበት የቀለም ምልክት ብቻ አትመን፤ ምስሉን አጉልተህ ዓይኑ ላይ አጥራና ከዚያ ቅረጽ።