ደኑን ግራጫ ያደረገችው ጢንዚዛ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ዴንቨር አካባቢ ያላችሁ ወዳጆች ሮኪ ተራሮችን አይታችሁ ስትመለሱ የምትጠይቁኝ ስለ ደረቁት ዛፎች ነው። ጥፋተኛዋ ማውንቴን ፓይን ቢትል ትባላለች። የደረሱኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ።

ትልቅ ናት?
የሩዝ ፍሬ ብታክል ነው። 5 ሚሊ ሜትር ገደማ።

የት የት ትገኛለች?
አገሯ ምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ነው፤ ከሜክሲኮ ሰሜናዊ ጫፍ እስከ ካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ። በምሥራቅ ደቡብ ዳኮታ ትደርሳለች። ሎጅፖልና ፖንደሮሳ የሚባሉትን የፓይን ዛፎች ትወዳለች። ድሮ ብርዱ የሚያግዳት ከፍታ ላይ ያለውን ዋይትባርክ ፓይንም አሁን እየጨረሰችው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በነፋስ ታዝላ ሮኪን ተሻገረችና የካናዳዋን አልበርታ ወረረች። በ2011 ደግሞ ጃክ ፓይን ውስጥ እንደገባች ተረጋገጠ። ጃክ ፓይን እስከ አትላንቲክ ጠረፍ ድረስ ይበቅላል። መንገዱ ተከፈተላት ማለት ነው።

ጤነኛ ዛፍ በሙጫው አያሰጥማትም?
አንዷን ያሰጥማል። ችግሩ ብቻዋን አለመምጣቷ ነው። መጀመሪያ የገባችው ሴት በጠረኗ ሌሎቹን ትጠራለች፤ በሺህ ሲመጡ ሙጫው ያልቃል። አፏ ውስጥ የያዘችው ፈንገስ ደግሞ የዛፉን የውኃ መስመር ይዘጋል። ግንዱን ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ ፈንዲሻ የመሰለ የሙጫ እብጠት፣ ሥሩ ላይ ቡናማ የእንጨት ዱቄት።

ቅጠሉ የቀላውን ዛፍ ብንቆርጠውስ?
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቅጠሉ የሚቀላው በዓመቱ ነው፤ ያኔ ጢንዚዛዎቹ ወጥተው ወደ ሌላ በረዋል። መቆረጥ ያለበት ገና አረንጓዴ ሆኖ ፈንዲሻው የታየበት ነው።

ያ ሁሉ በረዶ አይገድላትም?
እጮቹ ለክረምት ግሊሰሮል ያከማቻሉ፤ የመኪና አንቱፍሪዝ በሉት። ጥር ላይ እነሱን ለመጨረስ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚደርስ ብርድ ለቀናት መቆየት አለበት። እንዲህ ያለው ብርድ አሁን ብርቅ ሆኗል። ገና ሳይዘጋጁ፣ በመከር ድንገት ከመጣ ግን ቀለል ያለውም ይጎዳቸዋል።

የኛን ጥድስ ታጠቃለች?
የሀበሻ ጥድ ጁኒፐር የሚባል ሌላ ዘር ነው፤ እሷ የፓይን ወዳጅ ናት። ደግሞም ኢትዮጵያ ውስጥ የለችም።

ሰማያዊ መስመር ያለው ጠረጴዛ አየሁ፤ የሷ ሥራ ነው?
የፈንገሱ ቀለም ነው። የእንጨቱ ጥንካሬ ብዙም አይቀንስም። ከወደዳችሁት ግዙት።