«ተወራ» ሲል የድሮው ጋዜጣ ሐሜት ማለቱ አልነበረም

እህቴ፣ በብርሃንና ሰላም ጋዜጣ አሮጌ እትም ላይ «ወሬ» እና «ተወራ» የሚሉትን ቃላት አይተሽ «ጋዜጠኞቹ የጻፉትን ራሳቸው አላመኑትም ነበር ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አምነውት ነበር። ለብዙ ዓመታት ወመዘክር ቤተ መጻሕፍትና ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ እየተመላለስኩ የዚያን ዘመን ጽሑፍ ስገለብጥ ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ግሥ ነው።

አንድ ጊዜ የገለበጥኩት ገጽ ላይ «ተወራ» ባለበት ቦታ ሁሉ ሕዳጉ ላይ «ያልተረጋገጠ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ያዩ አንድ አዛውንት የቅኔ መምህር «ወሬ ነጋሪ ሳይቀር አለቁ ሲባል፣ ሐሜተኛ ሳይቀር አለቁ ማለት ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ወሬ ነጋሪ ከጦር ሜዳ ተርፎ የሆነውን ሁሉ ለጌታው የሚያደርስ ሰው ነው፤ የሚታመነውም ዓይኑ ስላየ ነው። ቃሉ የቀድሞ ክብሩን እስከ ዛሬ ይዞ የቆየው በዚህ አነጋገር ውስጥ ነው።

ስለዚህ «አወራ» ማለት ያየውን ወይም የሰማውን ነገረ፣ «ተወራ» ማለት ነገሩ ከሰው ሰው ደረሰ ማለት ነበር። ክፋት የሚሸተው «አስወራ» ላይ ስንደርስ ነው፤ እዚያ ላይ ሆን ብሎ የሚያሰራጭ ሰው አለ። ገበሬ ከገበያ የሚመለሰውን መንገደኛ «ምን ወሬ አለ?» ሲለው የጠየቀው ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ ዋጋ፣ ስለ ሹም ሽሩ ነው እንጂ ስለ ሰው ገመና አይደለም።

ጋዜጣው ይህን ግሥ መውሰዱ አያስገርምም። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ አእምሮ በ1890ዎቹ አጋማሽ ሲጀምር በእጅ ይጻፍ ነበር፤ ቅጂውም 24 ያህል ብቻ እንደነበር ይነገራል። ስሙን ያወጡለት ዐፄ ምኒልክ፣ አዘጋጁ አንድርያስ ካቫዲያስ የሚባል ግሪካዊ ነበር። 24 ወረቀት ለስንት ሰው ይደርሳል? አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ የሰማውም ወጥቶ ለጎረቤት ያወራል። ብርሃንና ሰላም በ1917 ዓ.ም. በማተሚያ መኪና ሲወጣ እንኳ ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር። ወረቀቱ ራሱ አንድ ተጨማሪ ወሬ ነጋሪ ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ በቦታው የምንጠቀምበት «ዘገበ» ከሌላ ዓለም የመጣ ነው፤ እኔ እጅግ የምወደውም እሱን ማነጻጸር ነው። በግእዝ ዘገበ ማለት አከማቸ፣ ሀብት ሰበሰበ ማለት ነው። መዝገብም መጀመሪያ ግምጃ ቤት ነበር፤ ወንጌሉ «በምድር ላይ መዝገብ አትሰብስቡ» ሲል ስለ ደብተር አይናገርም። ቃሉ ከንብረት ማከማቸት ወደ ጽሑፍ ማከማቸት፣ ከዚያም ወደ ጋዜጠኛ ሥራ ተሻገረ። አወራ የአፍ ግሥ ነው፣ ዘገበ የጎተራ። «ዜና»ም ከግእዝ የመጣ ነው፤ ዜና መዋዕል የነገሥታት ታሪክ ነው። የቤተ ክህነትና የቤተ መንግሥት ክብር ስለነበረው የጋዜጣና የሬዲዮ ቋንቋ ሆነ፤ ወሬ ደግሞ ለቡና ላይ ጨዋታ ቀረ። ወሬን ያረከሰው ይህ መከፋፈል ይመስለኛል።

ስለዚህ ጥርጣሬውን ከግሡ አትፈልጊ። ከፊቱና ከኋላው ያለውን እዪ፦ ነገሩን ማን አመጣው? ከየት? በስንት ቀን? በስልክ ነው፣ በባቡር በመጣ ደብዳቤ ነው? ደግሞ አደራ፣ ስትገለብጪ «ተወራ»ን ወደ «ተዘገበ» አትቀይሪው። አንዳንድ ሰዎች ለአንባቢ እንዲቀል ብለው ይቀይሩታል፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ከእኛ በኋላ የሚመጣ ተማሪ ቃሉ እንዴት እንደኖረ የሚያይበትን ብቸኛ መስኮት ይዘጋበታል። የተቸገርሽበትን ዐምድ ከነቀኑ ፎቶ አንስተሽ ብትለጥፊው አብረን እናነበዋለን።