ሽማግሌዎቹ «ዘራቸው ነው» ላሉት፦ ዝሆኔ ይወረሳል ወይ?

እህቴ፣ ወንድምሽ ሊያገባት ያሰባት ልጅ አባቷ ዝሆኔ ስላለባቸው ሽማግሌዎቹ «የዘር ነው፣ ይቅርብን» እንዳሉ ጽፈሽ፣ እውነት ይወረሳል ወይ ብለሻል። እኔም የሰሜን ሸዋ ሰው ነኝ፤ እናቴም አክስቴም ዝሆኔ አለባቸው። ለእህቴ የተላከ ሽማግሌ በዚሁ ምክንያት ደጃችን ሳይደርስ ተመልሷል። ስለዚህ ነገሩ ያንገበግበኛል።

የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው። በሽታው ግን ያለ አፈር አይመጣም።

በደጋውና በወይና ደጋው የምናየውን ዝሆኔ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ቆላ ውስጥ ትንኝ ከምታስተላልፈው ዝሆኔ የተለየ ነው፤ ትልም ሆነ ተሐዋሲ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ፣ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በእግር ቆዳ ዘልቆ ይገባል። ሰውነት በዚህ ይቆጣል፤ ቁጣው ሲደጋገም ትርፍ ፈሳሽን ከእግር የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያበላሻል። ከዚያ እግር ያብጣል፣ ቆዳውም ይወፍራል።

ታዲያ በአንድ ማሳ የሚውሉት ሁሉ ለምን አይታመሙም? ዘር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 የወጣ በደቡብ ኢትዮጵያ ቤተሰቦች ላይ የተሠራ ጥናት፣ የሕመምተኛ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ አምስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። በ2012 ደግሞ ከወላይታ ሰዎች በተወሰደ ናሙና፣ ስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ያሉ ኤችኤልኤ የሚባሉ ጂኖች ከበሽታው ጋር እንደሚያያዙ ታወቀ። እነዚህ ጂኖች የሰውነት መከላከያ ባዕድ ነገርን ለይቶ እንዲያውቅ የሚረዱ ናቸው። በ2021 ይኸው ግንኙነት በሦስት የአገራችን ብሔረሰቦች ላይ ተፈትሾ ተረጋግጧል።

የ2007ቱ ጥናት የውርስን ድርሻ 63 በመቶ ገደማ ብሎ ገምቶታል። ይህችን ቁጥር ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሟት እሰጋለሁ፤ «ከመቶ ልጆች 63ቱ ይታመማሉ» ብለው ይተረጉሟታልና። ትርጉሟ እንደዚያ አይደለም። በዚያ አካባቢ፣ በዚያ አኗኗር፣ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ከሆነበት ልዩነት ውስጥ ምን ያህሉ ከውርስ እንደሚመጣ ነው የምትናገረው። ያው ጥናት ጫማ ማድረግና ዕድሜም የራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው አሳይቷል፤ ይህንን ግን ማንም አያወራውም።

ከእናቴ ወገን አንድ አጎቴ ገና በልጅነቱ ወታደር ቤት ገብቶ ዕድሜውን በቡትስ ጫማ አሳለፈ። ዛሬ ሸምግሏል፤ እግሩ እንደ ጎረምሳ እግር ነው። እህቶቹ ግን ጭቃውን በባዶ እግራቸው ሲረግጡ ኖረዋል። አንድ ሰው ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል አውቃለሁ፤ ሆኖም ሦስቱን ጎን ለጎን ተቀምጠው ያየ ሰው የጫማን ነገር አይረሳም።

የልጅቷን እግር በሚመለከት፦ በሽታው የሚጀምረው ከታች፣ ከእግር ጫፍ ነው። ውስጥ እግርን ማቃጠል፣ የእግርን ጀርባ በጣቶቹ በኩል ማሳከክ፣ ማታ ማታ አበጥ ብሎ ጠዋት መመለስ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ ካሉባት ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ በዚህ ደረጃ ሲደረስበት እብጠቱ ሊመለስ ይችላል። ከሌሉባት ንጹሕ እግር ይዛ ልትዳር ነውና ተዉአት።

ለአባትየውም ተስፋ አለ። እናቴ ማታ ማታ እግሯን በሳፋ ትዘፈዝፋለች፤ ውኃው ላይ በረኪና በጥቂቱ ጠብ ይደረግበታል። በሳሙና ስታጥብ በጣቶቿ መካከል ጨርቅ እያሳለፈች ነው፤ ጣቶቿ ተጣብቀው ስላበጡ ሌላ ነገር አይገባም። አድርቃ ቫዝሊን ትቀባና እግሯን ከፍ አድርጋ ትቀመጣለች። በምሥራቅ ጎጃም ተሞክሮ በ2018 ውጤቱ የወጣው ሕክምናም ዋናው ነገሩ ይኸው ነበር፦ ማጠብ፣ መቀባት፣ መጠቅለል፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ። ትኩሳት እያመጣ አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም የሚነሣበትን ጊዜ ቀንሷል። እናቴ ጋ ለውጡን መጀመሪያ ያየነው በእግሯ ሽታ ላይ ነው፤ ሽታው ጠፋ፣ እሷም ማኅበሯን መጠጣት ጀመረች።

ወንድምሽ ካገባት ልጆቻቸው መሬት ከረገጡበት ቀን ጀምሮ ጫማ ያድርጉ። በረባሶ አይበቃም፤ አፈሩ በጎን ይገባል። ሸፈን ያለ ጫማ ከካልሲ ጋር፣ ማታ ደግሞ እግር መታጠብ። ወጪ ነው፣ አውቃለሁ፤ ልጅ ባደገ ቁጥር ጫማው ይጠባል።

ሽማግሌዎቹ ይህን ሁሉ ነግረሻቸውም አሻፈረኝ ካሉ፣ ዝምድና ሲሆን ሰባት ቤት ድረስ መቁጠር ያውቁበታልና የራሳቸውንም ቤት እስከ ሰባት ይቁጠሩ። እግሩ ያበጠ አያት ወይም አጎት ቢያጡ ይገርመኛል።