ኢንዛይም ጉልበት ካልሰጠ ታዲያ ምን ይሰራል?
"ግሉኮስ በኦክስጅን የሚቃጠል ከሆነ ኢንዛይም ለምን አስፈለገ፣ ኢነርጂውን የሚሰጠው እሱ ነው ወይ?" ላልከው፣ እኔም ተማሪ እያለሁ ኢንዛይምን እንደ ነዳጅ ነበር የማስበው። አይደለም፣ ኢንዛይም ሴል ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ኢነርጂው ያለው ግሉኮሱ ጋ ነው፣ ኢንዛይም ጠብታ አይጨምርበትም። ስኳር ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጥ ኦክስጅን ከቦት ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ መነሻ የሚፈልገው አክቲቬሽን ኢነርጂ ትልቅ ስለሆነ። በእሳት ብታቃጥለው ደግሞ ሁሉም በአንዴ ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ኢንዛይም መነሻውን ዝቅ ያደርግለታል፣ ስራውንም ይከፋፍለዋል፤ ግላይኮሊሲስ (ግሉኮስ የሚሰበርበት የመጀመሪያው ክፍል) ብቻ 10 እርምጃ ነው፣ እያንዳንዱ የራሱ ኢንዛይም አለው። ኢነርጂው ትንሽ ትንሽ እያለ ስለሚወጣ ነው ሴሉ በኤቲፒ (ኢነርጂ ይዞ ለሴሉ ስራ በሚያቀርበው ሞለኪውል) ሊይዘው የሚችለው፣ ከአንድ ግሉኮስ ወደ 30 ወይ 32 ኤቲፒ (የድሮ መፅሐፍ 36 ወይ 38 ይላል፣ ፈተና ላይ የራስህን መፅሐፍ ተከተል)።

እኔን የገባኝ በእርሾ ነው። ሶስት ጠርሙስ ውስጥ እርሾና ስኳር አድርጌ አፋቸው ላይ ፊኛ ገጠምኩ፣ አንዱን በበረዶ ውሃ፣ አንዱን ለብ ባለ፣ ሶስተኛውን እርሾውን አፍልቼ። ለብ ያለው ፊኛ ተነፋ፣ ሁለቱ ምንም። ሁለቱም አንድ አይነት ነው ብዬ ልደፋቸው ስል የበረዶውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፣ ትንሽ ቆይቶ እሱም መነፋት ጀመረ! የፈላው ግን ቀዝቅዞም እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አያበላሸውም፣ ማፍላት ግን የኢንዛይሙን ቅርፅ ይፈታዋል። (ጠርሙስ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ፈርመንቴሽን፣ ማለትም ስኳርን ያለ ኦክስጅን ማብላላት ነው፣ ግን ግላይኮሊሲሱ ያው ራሱ ነው።)

አንዷ ኢንዛይም ብትቆም ምን ይሆናል ካልክ ሳይናይድ የሚባለውን መርዝ ተመልከት። ማይቶኮንድሪያ (አብዛኛው ኤቲፒ የሚሰራበት የሴሉ ክፍል) ውስጥ ከግሉኮስ የመጣውን ኤሌክትሮን ለኦክስጅን የሚያስረክበውን ኢንዛይም፣ ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝን ይዘጋል፣ ሰውየው እየተነፈሰ፣ ደሙም ውስጥ ኦክስጅን እያለ ሴሉ አይጠቀምበትም።

ደሞ ፈተና ላይ "ኢንዛይሙ ሞተ" ብለህ እንዳትፅፍ፣ እኔ ማርክ ተቀንሶብኛል። ድሮውንም ህያው አይደለም፤ ጀርመናዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ቡክነር እ.ኤ.አ. በ1897 እርሾ ፈጭቶ አንድም ሴል የሌለበት ጭማቂው ስኳር ሲያብላላ ያሳየው ይሄንኑ ነው። ዲናቸር ሆነ (ቅርፁ ተፈታ) በል።