«ዋሱ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ

ይድረስ ለጎንደር ወጣቶች፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ የምሁራንን ውይይት ትከታተላላችሁ። ስለ ውጭ ፖሊሲ፣ ስለ ሽግግር መንግሥት፣ ስለ ቀጠናው ሰላም። ቪዲዮውን በቴሌግራም ትልኩልኝና «ጋሼ፣ ልክ የሆነው የቱ ነው?» ትሉኛላችሁ። ደስ ይለኛል። ስለ ካርቱምና ስለ አስመራ የሚጨነቅ ወጣት ያላት ከተማ ተስፋ አላት። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ ግን፣ ዕድሜዬን ከፈጀሁበት ከውጭ ጉዳይ ሥራ የቀሰምኩትን አንድ ነገር ላካፍላችሁ።

አዋቂዎቹ ሲከራከሩ «ማን አሸነፈ?» አትበሉ። «ዋሱ ማን ነው?» በሉ።

በእኛ አገር ሽምግልና ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ ሽማግሌው «በቃ፣ ተሳሳሙ» ብሎ አይነሣም። ዋስ ይጠራል። ዋሱ ሰፈሩ የሚያውቀው፣ ውሉ ቢፈርስ ደጁ ድረስ ተሂዶ የሚጠየቅ ሰው ነው። በመንግሥታት መካከልም ነገሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ይህችው ከተማችን ዋስ የሌለው ውል ምን እንደሚያስከፍል ታውቃለች። በ1876 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ዓድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ተዋዋሉ። የእንግሊዙን ወገን ወክሎ የመጣው አድሚራል ሂዌት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግብፅ ይዛው የነበረውን ቦጎስን (የከረንን አካባቢ) ማስመለስና በምጽዋ በኩል መሣሪያን ጨምሮ ዕቃ በነፃ ማስገባት ተፈቀደላቸው። በምላሹ ሱዳን ውስጥ ከሰላና ሌሎች ቦታዎች ላይ በመሐዲስቶች፣ እኛ ደርቡሽ በምንላቸው የማሕዲ ተከታዮች፣ የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ይረዳሉ። ወረቀቱን ብቻ ለሚያይ ሰው መጥፎ ውል አይደለም። እኔም አፄ ዮሐንስ ተሞኙ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ለባሕር በር ማንም መሪ ያንን ያህል ይሄዳል።

ግን ዓመት ሳይሞላ፣ በ1877 ጣሊያን ምጽዋን ያዘች። እንግሊዝ አልከለከለችም። ኢትዮጵያ ግን ቃሏን ጠብቃ ከመሐዲስቶች ጋር ተጣልታ ነበር። ራስ አሉላ ኩፊት ላይ ቢያሸንፉም ጠቡ አልበረደም። በ1880 ጥር የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ ተሸነፉ፤ ደርቡሾቹም ጎንደር ገቡ። ከተማዋ ተዘረፈች፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በዓመቱ፣ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መተማ ላይ ወደቁ። ዓድዋ ላይ ሲፈረም ጎንደር ውስጥ ማንም አልተጠየቀም። ዕዳውን የከፈለችው ግን ጎንደር ናት። የውጭ ፖሊሲ የአዲስ አበባ ሰዎች ጉዳይ ነው የሚላችሁ ካለ ይህን ንገሩት።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ሱዳኖች በ2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንታቸውን አል በሽርን ሲያወርዱ ወታደሩንና ሲቪሉን ለማስማማት የአፍሪካ ኅብረትና ኢትዮጵያ ሸምግለዋል። በዚያው ዓመት ነሐሴ የሽግግሩ ሰነድ ሲፈረም ካርቱም በደስታ ሰከረች። በ2014 ጥቅምት ወታደሩ ሽግግሩን ገለበጠው። ኅዳር 26 ቀን 2015 እንደገና ሌላ የማዕቀፍ ስምምነት ተፈረመ። አምስት ከባድ ጉዳዮች ግን ለኋላ ተባሉ። አንዱ የሠራዊቱ ጉዳይ ነበር። ከመከላከያው ውጭ የራሱ አዛዥ ያለው የፈጥኖ ደራሹ ኃይል ከመከላከያው ጋር በስንት ዓመት ይዋሃድ? መከላከያው 2 ዓመት አለ፣ ፈጥኖ ደራሹ 10። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 በተኩስ መነጋገር ጀመሩ።

«ለኋላ ተባሉ» የሚለው እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ረቂቅ ሲዘጋጅ ያልተስማሙበት ቃል በቅንፍ ውስጥ ይቀመጣል። ቀን ቀን ሁሉም በየቅንፉ ይሟገታል። ሌሊቱ ሲገፋ ሰው ይደክማል፣ አስታራቂው የአውሮፕላን ሰዓት ይደርስበታል፣ ጋዜጠኛ በር ላይ ይቆማል። ያኔ ቅንፉ ይነሣና «ዝርዝሩ ወደፊት ይወሰናል» የምትል ሐረግ ትገባለች። ፊርማው ይደምቃል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። ስለዚህ ስምምነት ስታነቡ «ወደፊት»፣ «በሌላ ሰነድ»፣ «በሚቋቋም ኮሚቴ» የሚሉትን አስምሩባቸው። ጠመንጃውን የሚመለከተው አንቀጽ እዚያ ውስጥ ከገባ፣ ያ ሽግግር ገና አልተጀመረም።

ከዚያ ከሱዳን ጦርነት የሸሸው ሰው በመተማ ዮሐንስ በኩል ገባ። ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ተከፈቱ። እዚያም ዝርፊያና ጥቃት ደረሰባቸው፤ በሺህ የሚቆጠሩት መጠለያውን ጥለው መንገድ ዳር ወጡ። እኛው ራሳችን ሰላም ስላጣን እንግዳ ማስጠለል አቃተን። ይህ ያመኛል። የቀጠና ሰላም የሚባለውን ከአገር ቤት ሰላም ለይቶ የሚያወራ ባለሙያ ስሰማ ኩመርና አውላላ ይመጡብኛል።

ውል ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥትና የደቡብ ተዋጊዎች አዲስ አበባ ላይ ታረቁ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴና የአብያተ ክርስቲያናት ማኅበራት ገቡበት። የደቡብ ተዋጊዎች ወደ ሠራዊቱ እንዲገቡ ቁጥሩ ሳይቀር ተወስኖ ነበር። እርቁ 11 ዓመት ቆየ። አስታራቂው ከዙፋን ወርደው፣ የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪም ቃሉን አጥፎ ደቡቡን ሲከፋፍል ፈረሰ። ቢሆንም በዚያ ሰላም የተወለዱና ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም።

ከምንም በላይ ሰነዱን ራሱን አንብቡ። ስለ ሱዳን ድንበር ስንት ሰዓት ስትከራከሩ እሰማለሁ። አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት የ1894ቱ ውል እኮ አምስት አንቀጽ ብቻ ነው። ድንበሩ፣ ዓባይና ጣና፣ ኢታንግ አጠገብ የንግድ ቦታ፣ የባቡር ሐዲድ፤ ከሻይ ሰዓት በፊት ታነቡታላችሁ። የሰሜኑን ጦርነት ለማቆም መንግሥትና ሕወሓት የፈረሙት የፕሪቶሪያው ስምምነትም እንደዚያው። አከራካሪ ቦታዎች በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታሉ ይላል። ጎንደር ውስጥ ይህ ዓረፍተ ነገር ቡና ቤት ያናውጣል፣ ማናወጡም አይገርምም። ግን ስሜታችሁ ከመጋሉ በፊት ቃሉን በዓይናችሁ እዩት። የሚያስከብረውስ ማነው? ጊዜ ተቆርጦለታል? ሰው ያላነበበውን ነገር ሼር እያደረገ ስንቱን አጣላ።

ባለሙያውንም መመዘን ልመዱ። «ኢትዮጵያ እንዲህ ማድረግ አለባት» ሲላችሁ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ጎረቤት እምቢ ቢል ምን እንደሚደረግ ተናግሮ እንደሆነ አድምጡ። ዋጋውን ሳይናገር የሚመክር ሰው፣ ዋጋውን እናንተ እንድትከፍሉ ነው የሚመክረው። ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ሰዎች አንድ ነገር ላይ ከተስማሙ ያንን ያዙ፤ ብዙ ጊዜ እውነቱ እሱ ነው። የምትወዱትን ሰው ብቻ አትስሙ። እኔ ብዙ የተማርኩት ከማልስማማቸው ሰዎች ነው።

አንድ አደራ ልጨምር። አረብኛ ተማሩ። ከዚህ ተነሥታችሁ በአዘዞ፣ በአይከል፣ በሸኸዲ አድርጋችሁ መተማን ስታልፉ ድልድዩ ማዶ የሚነገረው እሱ ነው። ድልድዩ ማዶ ስላለችው ስለ ሱዳኗ ገላባት የምናውቀው ግን ሩቅ አገር በእንግሊዝኛ ተጽፎ የሚደርሰንን ነው። በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ እንኳ ስለ ሱዳን ከብዙዎቻችን የበለጠ ያውቃል፤ ስትገናኙ ጠይቁት። ከሱዳን የመጡ ሰዎችም በከተማችን አይጠፉም። ተዋወቋቸው፣ ቤታችሁ ጥሯቸው፣ ካርቱም ያ ሁሉ ስምምነት ሲፈረም ሰፈራቸው ውስጥ ምን ይባል እንደነበር አስወሯቸው። ፊደሉን በዚህ ክረምት ትጨርሱታላችሁ።