ያገለገለ የቤተሰብ መኪና ስትገዙ ከስሙ በፊት አያያዙን እዩ

በውጭ አገር ያለን ወገኖች መኪና የምንመርጠው ብዙውን ጊዜ በወሬ ነው። «ቶዮታ ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ይባልና ገንዘቡ ይቆጠራል። ቶዮታ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ግን ዘይቱ በወቅቱ ያልተቀየረለት ቶዮታ፣ ሰርቪሱ ሁሉ በደረሰኝ ከተያዘለት ስም የለሽ መኪና ይልቅ ቶሎ ያከስራል። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ መጀመሪያ የሰርቪስ ወረቀቱን ጠይቁ።

ካላችሁ ገንዘብ ከ10 እስከ 15 በመቶውን ለመኪናው ዋጋ አታውሉት፤ ገና በመጀመሪያው ወር ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ምናልባትም ሁለት ጎማ ይመጣል። የኢንሹራንሱንም ሂሳብ ከመስማማታችሁ በፊት አስወጡ። መንጃ ፈቃዱ አዲስ ለሆነ ሰው ልዩነቱ ከባድ ነው።

ስለ ሞተሩ የመጀመሪያው ጥያቄ ታይሚንጉ (የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማው ክፍል) በቺንጋ ነው ወይስ በሰንሰለት የሚለው ነው። ቺንጋ ከሆነ እንደየሞተሩ ከ100,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀየራል፤ መኪናው ብዙ ባይነዳም ዕድሜ ያደርቀዋል። ሲበጠስ በብዙ ሞተሮች ላይ ፒስተኑ ክፍት የቀሩትን ቫልቮች ይመታል፣ ቫልቮቹ ይጣመማሉ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለጥገና ይወርዳል፤ ሂሳቡ የመኪናውን ዋጋ ሊስተካከል ይችላል። አንዱ ሞዴል ራሱ በዓመቱ ይለያያል፦ የ2004–2006 ቶዮታ ሲየና 3.3 ሊትር ሞተር ቺንጋ ነው፣ በ2007 የመጣው 3.5 ሊትር ሰንሰለት ነው። ሻጩ «ተቀይሯል» ካለ ኪሎ ሜትሩ የተጻፈበትን ደረሰኝ ያሳያችሁ። ከሌለው እንዳልተቀየረ ቆጥራችሁ የቺንጋውን፣ የውሃ ፓምፑንና የእጅ ዋጋውን ከመኪናው ላይ አስቀንሱ።

ለማየት ስትሄዱ ሞተሩ ሳይነሳ እንዲጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ፤ ሞቆ ካገኛችሁት ሌላ ቀን ተመለሱ፣ ብዙ ችግር የሚታየው ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ነውና። አንድ ሰው ማርሚታው ጋ ይቁም። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ሞተሩ ዘይት ይበላል። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የተለመደ ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ካላቆመና ጣፋጭ ነገር ከሸተተ ግን የራዲያተር ውሃ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ ነው፣ እሱን መኪና ተዉት። ሰንሰለት ያለው ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከተንኳኳ ሰንሰለቱ ወይም መወጠሪያው ማለቁን ጠርጥሩ።

የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናው ኮምፒዩተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያሳይ መሣሪያ) ትንሽ ገንዘብ ነው፣ ግዙት፤ መሪው ሥር ባለው ሶኬት ይሰካል። የሞተር መብራት አለመብራቱ ብቻ አያሳምናችሁ፣ ጠዋት ኮዱን አጥፍቶ የሚጠብቅ ሻጭ አለ። ኮዱ ሲጠፋ ግን ኮምፒዩተሩ ያጠናቀቃቸው የራስ ምርመራዎችም አብረው ይሰረዛሉ፣ ማንበቢያው ላይ «አልተጠናቀቀም» ይላሉ። ለመሟላት ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር የከተማና የፈጣን መንገድ ጉዞ ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ ካልተጠናቀቁ በቅርቡ ወይ ኮድ ጠፍቷል ወይ ባትሪ ተነቅሏል። ቁልፉን ሞተሩን ሳታስነሱ ስትከፍቱም የሞተር መብራቱ መብራት አለበት፤ ካልበራ አምፖሉ ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱት። ካምቢዮው ከዲ (ወደ ፊት) ወደ አር (ወደ ኋላ) ሲገባ ከዘገየና ከመታ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ሲቪቲ (ቋሚ ማርሾች የሌሉት አውቶማቲክ) ካምቢዮ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ የተቀየረበት ማስረጃ ሳይኖር እኔ አልመክርም። መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ በዝግታ ስትሄዱ ቀጭ ቀጭ ካለ የአክስሉ መገጣጠሚያ አልቋል። በፍጥነት ስትሄዱ የሚሰማ ጉምጉምታ በኩርባ ላይ ከተለወጠ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ይህኛው ርካሽ ነው፣ አያስፈራችሁ።

የልጆቹን ወንበር ይዛችሁ ሂዱና እዚያው እሰሩት። ወደ ኋላ የሚዞረው የሕፃን ወንበር ሲገባ የፊቱ ሰው ጉልበት ከዳሽቦርዱ ጋር የሚጋጭበት መኪና ብዙ ነው፤ የአይሶፊክስ ማሰሪያውም (የልጅ ወንበር ያለ ቀበቶ የሚታሰርበት ብረት) በብዙዎቹ ላይ ያለው በሁለቱ የዳር መቀመጫዎች ብቻ ነው። ሦስት ልጆች ካሏችሁ ይህ ብቻውን ምርጫችሁን ይወስናል። እዚያው ሳላችሁ ቀበቶዎቹን እስከ መጨረሻ ሳቡ፤ ጫፋቸው ላይ የደረቀ ጭቃ ካለ ወይም ስኮርታው ያለበት ጉድጓድ ከዛገ መኪናው ጎርፍ አግኝቶት ሊሆን ይችላል። የጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንትና ዓመት ናቸው፦ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር በመስታወቱ ሥር፣ በበሩ ምሰሶና በሊብሬው ላይ አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ በእሱም የባንክ ዕዳና ያልተሠራ ሪኮል (አምራቹ ለፋብሪካ ጉድለት የጠራው ጥገና) መኖሩን አስፈትሹ። ከ2000 እስከ 2015 ገደማ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ታካታ የተባለ ኩባንያ የሠራው ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋ የአየር ከረጢት) አላቸው፤ የሚነፋው ክፍል በሙቀትና በእርጥበት አርጅቶ ሲፈነዳ ብረት እየበተነ ሰው ገድሏል። ቅያሪው በመኪናው አምራች ወኪል ዘንድ በነፃ ነው።

ይህን ሁሉ ካለፈ ሻጩ የማያውቀው መካኒክ ጋ ወስዳችሁ በክሪክ ሳይሆን በሊፍት ላይ ከሥሩ አስመርምሩት። መካኒኩ ያገኘውን ጉድለት ከነዋጋው በወረቀት ያውጣላችሁ፤ የመጨረሻውን ዋጋ የምትከራከሩት በዚያ ወረቀት ነው።