«የቀጥታ ምግብ» የሚበላ ዓሣ የለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አኳሪየም ውስጥ ዓሦች አሉኝ፤ ሰሞኑን ዕንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። ያገኘሁት የአማርኛ መመሪያ «ለዓሣ ጫጩቶች የቀጥታ ምግብ ይመግቡ» ይላል። አርቴሚያን (ጥቃቅኖቹን የጨው ውሃ ፍጥረታት) የመሰሉትን በሕይወት እያሉ ስጡ ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን እንዲህ ይባላል? ወይስ «ሕያው ምግብ»? ደግሞስ ዓሣ ጫጩት አለው?

መልስ፦ አይባልም። በቅድሚያ ግን ዓሣን በዓይኑ ዓ እና በንጉሡ ሣ ስለጻፉልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

እንግሊዝኛው «ላይቭ» (live) ለሥርጭቱም በሕይወት ላለውም ስለሚሆን፣ «ቀጥታ» እዚህ የገባው «ቀጥታ ሥርጭት» ከሚለው ተጎትቶ ነው። እዚያ ቦታው ነው። ቃሉ የሚናገረው ስለ መንገድ ነው፤ ምስሉ መሃል ላይ ሳይቀረጽና ሳይቆይ ከሜዳው ተመልካቹ ዘንድ ይደርሳልና። አርቴሚያ ግን የምትዋኝ ፍጥረት ነች እንጂ መንገድ አይደለችም። «ምግቡም እኮ በቀጥታ ወደ አፍ ይገባል» ብሎ የሞገተኝ ሰው አለ። ደረቁ ምግብስ በየት ዞሮ ነው የሚገባው? መመሪያው ሊለይ የፈለገው ደረቁን ከሚንቀሳቀሰው ነበር፤ «ቀጥታ» ያንኑ ልዩነት አጠፋው።

«ሕያው ምግብ» ስሕተት የለበትም። ጆሮዬ ግን አልቀበል ብሎኛል። ሕያው «ሐይወ» ከሚለው የግእዝ ግስ የመጣ ነው፤ ኖረ፣ ዳነ ማለት ነው። በወንጌል «ሕያው እንጀራ» የሚለውን እየሰማ ላደገ ሰው፣ ቃሉ ለአንድ ጠብታ አርቴሚያ ይከብዳል። አማርኛ ደግሞ የራሱ መላ አለው፦ «ከነ»። ከነቆዳው፣ ከነፍሬው እንደምንለው፣ «ከነሕይወቱ የሚሰጥ ምግብ» ቢሉ ሕፃን ልጅም ይረዳዋል።

እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ሌላ ነው፦ ተሐዋሲ። ዛሬ «ተሐዋስያን» ሲባል ሰው በሽታ ብቻ ይታየዋል። ግሱ ግን «ተሐውሰ» ነው፣ ተንቀሳቀሰ። ተሐዋሲ ማለት ተንቀሳቃሽ ነው፣ በቃ። አሁን ገንዳዎን ይመልከቱ። ትንሿ ዓሣ ዓይኗ የሚያርፈው በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ነው። ዝም ብሎ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ብዙ ጊዜ አልፋው ትሄዳለች፤ ሲወራጭ ያየችውን ግን ትነጥቃለች። አርቴሚያም ሆነች ቀጫጭኖቹ የኮምጣጤ ትሎች የሚፈለጉት አንድም ለዚህ ነው። ስለዚህ «ተሐዋሲ ቀለብ» ብል ደስ ይለኛል፤ አንባቢ ጀርም ልናበላ ነው ብሎ እንደሚደነግጥ ግን አውቃለሁና አልጫንዎትም።

ወደ ጫጩት ልምጣ። ላም ጥጃ፣ ፍየል ግልገል፣ አህያ ውርንጭላ፣ ውሻ ቡችላ አላቸው። ለዓሣ ለብቻው የተሰጠ ቃል እኔ አላገኘሁም። ጫጩት የሚሉት «ከዕንቁላል ስለሚወጣ» ብለው ይከራከራሉ። ጉፒና ሞሊ የሚባሉት ዓሦችስ? እነሱ እየዋኙ የሚወጡ ልጆች ነው የሚወልዱት! ግእዝ ለሁሉም የሚሆን ቃል ነበረው፣ እጓል። የሰውም የእንስሳም ልጅ እጓል ነው፤ «እጓለ እመሕያው»ና «እጓለ ማውታ» እስከ ዛሬ አሉ። እጓለ ዓሣ ብንል ምን ነበረበት? የሚያምር ቃል ነው። ነገር ግን ዓሣ አርቢውም፣ ባለሙያውም፣ ዜናውም «የዓሣ ጫጩት» ብሏል። ሳልወድ በግዴ ተቀብያለሁ።

ስለ ምግቡ ከተነሣ አይቀር፣ ሁሉንም «ምግብ» ብሎ ማለፍ ያሳዝነኛል። የተፈለፈለ ጫጩት ሆዱ ሥር የአስኳል ከረጢት ይዞ ይወጣል፤ ለጥቂት ቀናት የሚቆየው በእሱ ነው። ይህ ስንቅ ነው፣ እናቱ ለመንገድ የቋጠረችለት። ስንቁ አልቆ መዋኘት ሲጀምር እርስዎ በየቀኑ የሚሰጡት ደግሞ ቀለብ ነው። አፉ በጣም ጠባብ ለሆነ ዝርያ አርቴሚያም ትተልቅበታለች፤ አዲስ የተፈለፈለችዋ እንኳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ ስለዚህ በዓይን በማይታዩ ፍጥረታት ይጀመራል። የጉፒ ልጅ ግን ከመጀመሪያው ቀን አርቴሚያ ይችላል። «መገበ» ራሱ በግእዝ አስተዳደረ ማለት ነው፤ «መጋቢ» የሚለው ማዕረግ ከዚያው ነው። ሥራውም ያው ነው። አርቴሚያ የጨው ውሃ ፍጥረት ስለሆነች በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ከሰዓታት በኋላ ትሞታለች፤ የተረፈው ይበሰብስና ውሃውን ያበላሻል። ትንሽ ትንሽ እያደረጉ፣ በቀን ደጋግሞ መስጠት ነው።

መመሪያውን እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦ «የዓሣ ጫጩቶች የአስኳል ስንቃቸውን ሲጨርሱ፣ እንደ አርቴሚያ ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ከነሕይወታቸው ይቀልቧቸው።» «ሕያው ምግብ» ብለው ቢጽፉም አልቀየምዎትም፣ ብዙ ሰው ይረዳዋል። «ቀጥታ»ን ግን ለኳስ ጨዋታ ይተዉልኝ።